በመሰላል የወረደው ረጅም ባር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤቴ መጣና "ደሴ አብረኸኝ ውጣ፤ ማገዶ የምቆርጥበት ሞተር መጋዝ ልገዛ ነው። ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም" አለኝ። ደስ አለኝ። ሰው ጡረታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚናፍቀው ደመወዙን እንዳይመስላችሁ፤ "አንተ ታውቃለህ" መባልን ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣንና ፒያሳ አካባቢ ከአንድ የመሣሪያ ሱቅ ገባን። ሻጩ አንዱን መጋዝ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድመው ክው አልኩ። ባለ ጥርሱ ካቴና የሚሮጥበት ረጅም ብረት፣ እኛ ባር የምንለው፣ መሬት ላይ ቢቆም ከጉልበቴ አልፎ ጭኔ ይደርሳል።

"ይሄ ነው የወንድ መጋዝ!" አለ ሻጩ።

"የምታነደው እንጨት ውፍረቱ ምን ያህል ነው?" አልኩት ጎረቤቴን። በሁለት እጁ አሳየኝ፤ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። "እንግዲያው ይሄ ላንተ አይሆንም። አሥራ ስድስት ኢንች ይበቃሃል።"

ሻጩ ሳቀብኝ። "አባባ፣ ዋጋቸው እኮ ብዙ አይራራቅም። ረጅሙን ይውሰድ፤ ረጅሙ የአጭሩንም ሥራ ይሠራል።"

ጌታ ምስክሬ ነው፣ ይህን ቃል፣ ፊደል ሳይጎድል፣ አንድ ቀን እኔው በገዛ አፌ ብዬዋለሁ። ያውም በሰው ፊት ተነስቼ፣ ጥርሴን አስጥቼ። የጎረቤቴን ክንድ ይዤ ከሱቁ አስወጣሁት። "ምነው? ምን ሆንክ?" ቢለኝ ወደ ሚኒባሱ ጎተትኩት። የዚያን ቀን ምንም ሳንገዛ ባዶ እጃችንን ወረድን። ምክንያቱን ሳልነግረው ስለቀረሁ አኩርፎኛል፤ እውነቱን ነው። እዚህ ጽፌ ላንብብለት።

መኮንን እባላለሁ። አስቀድሜ ልናገር፣ ቶሎ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ባለቤቴ "አንተ እኮ ድመት ብታስነጥስ ትዘላለህ" ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሞተር መጋዝ ይዞ መኖሩ ራሱ አጀብ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ደሴ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ አናጢ ቤት መላጊያ ስገፋ ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት፣ ስሙን ልተወውና፣ ለዳቦ ቤቶችና ለትልልቅ ወጥ ቤቶች ማገዶ ያቀርባል። ባሕር ዛፉ ከኩታበር በኩል በመኪና ይመጣል፤ እኛ ግቢ ውስጥ ቆርጠን፣ ፈልጠን፣ ከምረን እናስረክባለን። ደመወዙ ያው እንደማንኛውም ሰው ደመወዝ ነው። ቅጹ ግን ጉድ ነበር፤ አንዲት ሞረድ ከመጋዘን ለማውጣት ሦስት ሰው ይፈርማል።

መጋዝ ያስተማሩኝ አያ እንድሪስ ናቸው። የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቆጡ እንኳ የማይጮኹ። ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ክንዳቸውንና እግራቸውን አየሁት፤ አንድ ጭረት የለበትም። በዚህ ሙያ ያን ያህል ዘመን ኖሮ ጠባሳ የሌለው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አይቼ አላውቅም። ሌሎቻችን ሁላችንም የሆነ ቦታ ላይ የተሰፋን ነን።

መጀመሪያ ቀን መጋዝ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ "እጅህን ዘርጋ" አሉኝ። ዘረጋሁ። ስንዝሬን በሜትር ለኩና "ሃያ ሁለት ሳንቲም። እንዳትረሳው፤ ከእንግዲህ ሜትርህ ይሄ ነው" አሉ። ከዚያ ክምሩ ዘንድ ወስደው እያንዳንዱን ግንድ በስንዝር አስለኩኝ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስለካ ዋልኩ። ሠራተኛው "መኮንን ለግንዱ ሱሪ ሊያሰፋለት ነው!" እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ሥራ ልንጨርስ ስንል መጡና "ምን አየህ?" አሉኝ።

"አብዛኛው ከስንዝር ተኩል አይበልጥም።"

"ባሩስ ስንት ይሁን?"

"ሦስት ስንዝር?" አልኩ፣ ባበዛው ይሻላል ብዬ።

"አይደለም። ከግንዱ አራት ጣት ይብለጥ፣ በቃ። ከዚያ ካለፈ ጫፉ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚሠራ አታይም። የማታየውን ነገር ሥራ አትላከው።"

"ወፍራም ግንድ ቢመጣስ አያ እንድሪስ?"

"ከዚህ ትገባለህ፣ ዞረህ ደግሞ ከዚያ ትገባለህ። ግንዱ እንደሆነ የትም አይሄድብህ።"

ይኸው ነው ትምህርቱ። ስንዝር ተኩል ላይ አራት ጣት ብትጨምሩ አሥራ ስድስት ኢንች አካባቢ ይመጣል። ለማገዶ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ረጅም ባር ሲሆን ሞተሩ ጉልበቱን ካቴናውን በመጎተት ይጨርሳል። ዘይቱ ጫፉ ድረስ በደንብ ስለማይዳረስ ካቴናው ይደርቅና ይጨሳል። አንዴ አፈር ከነካ ደግሞ የምትሞርደው ጥርስ እጥፍ ነው፤ ወገብህ ይቆረጣል። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው ጫፉ ነው። የባር ጫፍ የላይኛው ጉንጩ ሌላ ነገር ከነካ መጋዙ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ዓይንህን ሳትጨፍን እጅህ ላይ የነበረው መጋዝ ሌላ ቦታ ነው።

አያ እንድሪስ ቤንዚን በሞሉ ቁጥር ካቴናውን ይሞርዳሉ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እያንዳንዱን ጥርስ እኩል ጊዜ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው እየቆጠሩ። አንድ ወገኑ ብቻ እንዳይበላ ባሩን በየሳምንቱ ገልብጠው ይገጥማሉ። ካቴናውን በሁለት ጣት ወደ ላይ ስበው ይለቁታል፤ ጠብ ብሎ ቦታው ካልተመለሰ አይነሱም። ከዚያ "ቢስሚላህ" ይሉና ገመዱን ከመሳባቸው በፊት ግንዱን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ሁልጊዜ። ዝናብ ቢሆን፣ አለቃ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይ፣ ወዲያ ማዶውን ሳያዩ ሞተር አያስነሱም።

ባሮቹ ሁሉ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀሉት። አጫጭሮቹ በዓይን ትክክል ተሰቅለዋል። አንድ ባለ ሠላሳ ኢንች ነበረን፤ ከትልቁ መጋዝ ላይ የሚገጠም፣ ለትልልቅ የጥድ ግንድ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ የሚያስፈልግ። እሱን አያ እንድሪስ ጣሪያው ሥር ሰቅለውታል። ለማውረድ መሰላል ያስፈልጋል።

"ለምን እዚያ ሰቀሉት?" አልኳቸው።

"መሰላሉን ፈልገህ፣ ተሸክመህ አምጥተህ፣ እስክትወጣ ድረስ የማያስፈልግህ ከሆነ ሐሳብህን ትቀይራለህ። ቅርብ ከሆነማ እጅህ ቀድሞህ ያነሳዋል።"

ያኔ ሳቅሁ። የሽማግሌ ነገር ብዬ ነው።

ድርጅቱ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሁለታችንንም አወረዱን። እኔ ደስ አለኝ፤ የተወለድኩት እዚያ ነው፣ እናቴ ያለችው በአባቴ ቤት እዚያው ነው፣ የደሴም ብርድ አጥንቴን ጨርሶት ነበር። አያ እንድሪስ ባሮቻቸውን ጠቅልለው ይዘው ወረዱ፤ አዲሱ መጋዘን ውስጥም ረጅሙን እንደ ልማዳቸው ጣሪያው ሥር ሰቀሉት።

የኮምቦልቻው አለቃችን ግምገማ የሚወድ ወጣት ነበር። እኛ እንጨት ስንቆርጥ እሱ ግምገማ ያዘጋጃል። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ "አቶ እንድሪስ ትልቅ ባር ሰቅሎ በትንሽ ባር የሚሠራ፣ ለውጥ የማይቀበል ኋላ ቀር አመለካከት አለው። አስተያየት ያለው?" አለ። እኔን ምን ነካኝ? እድገት እጠብቅ ነበር። ብድግ አልኩና "ረጅሙ የአጭሩንም ሥራ ይሠራል" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አያ እንድሪስ አቀርቅረው ቆዩና "ሂሱን ውጫለሁ። ባሩ ግን እዚያው ይሰቀል" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃውም ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔን አንድ ቀን እንኳ "ለምን እንዲያ አልክ?" አላሉኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በእኛ አገር ቅሬ ከሌለህ የለህም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ለለቅሶ ቤት ማገዶ የሚያዘጋጀው ቅሬው ነው። አባቴ የሰፈሩ ቅሬ አባል ነበር፤ እሱ ሲሞት በእሱ ቦታ ተተካሁ። ኮምቦልቻ በወረድኩ በሁለተኛው ዓመት ግን ጌታን ተቀበልኩ፤ ጴንጤ ሆንኩ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ ጠንካራ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ መዝገቡን በገዛ እጃቸው የሚጽፉ፣ ከሳቸው በቀር ገልጦ የሚያየው የሌለ። ስብሰባ ላይ አስነሱኝ።

"እውነት ነው የሚባለው?"

"እውነት ነው ጋሽ ተሰማ።"

"ሃይማኖትህን ስትቀይር ቀባሪህንም ቀይረሃል" አሉና በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ሰረዙት። ሁሉም እያየ።

"ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ እየተቀባበረ የእኔ ምኑ ነው?" ብዬ ጮህኩ። የመለሰልኝ የለም። ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለስድስት ዓመት ጋሽ ተሰማን ሳይ መንገድ እሻገር ነበር።

እናቴ ግን ከማርያም ደጅ አልተለየችም። ሳንባዋ ታሞ ከቤት መውጣት እስኪያቅታት ድረስ ትሳለም ነበር። ስለ እምነቴ አንድም ቀን ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ከቅሬው ከተሰረዝኩ ወዲህ ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ "መኮንን፣ ሬሳዬን በጋሪ ነው የምታስወስደው?" ሌላ ቃል የላትም። የእህል ጋሪ በበራችን ባለፈ ቁጥር ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ። እናቴን የሚሸከም ትከሻ ማግኘት አለብኝ፤ በዓለም ላይ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የምንፀልይበት ቤት ወንድሞች ያኔ ስምንት ብንሆን ነው፤ ግማሾቹም ለሥራ የመጡ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ሁለት ቤት አልፎ የነበሩት ሐጂ ሞቱ። የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ እንግዳው ከደሴም ከሐርቡም ጎረፈ። ለሰደቃው፣ ለለቅሶው ድግስ፣ የመጣው እንጨት ደግሞ እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ መጥረቢያ አልቀመስ ያለ። የቅሬው ሰዎች፣ ጀማዎቹ፣ ተቸግረው ሳለ አንዱ "መኮንን መጋዝ አለው እኮ!" ይላል። ሥራ ቦታ ድረስ ሰው ላኩብኝ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው!

"እንጨቱ ምን ያህል ይወፍራል?" አልኩት የተላከውን።

"ስንዝር ከምናምን ነው።"

አወቅሁት ማለት ነው። ይህን መደበቅ አልችልም፤ አሥራ ስድስቱ እንደሚበቃ ያኔውኑ አወቅሁት። አለቃዬ "ውሰድ" ብሎ ፈረመልኝ። ዕለቱ ጁምዓ ነበር፤ አያ እንድሪስ መስጊድ ናቸው። አሥራ ስድስቱ ዓይኔ ፊት ተሰቅሏል። እኔ ግን ሄጄ መሰላል ፈለግሁ። መሰላሉ ጓሮ ነበር፤ አመጣሁት፣ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት፣ ወጣሁ፣ ሠላሳውን አወረድኩት፣ ከትልቁ መጋዝ ላይ ገጠምኩት። አያ እንድሪስ የሰጡኝን ጊዜ ሁሉ ጨረስኩት፤ ሐሳቤ ግን አልተቀየረም። ከዚያ ባሩን ሳልሸፍነው ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሰፈሩ መሀል ሄድኩ። በጋሽ ተሰማ በር በኩል ዞሬ ነው የሄድኩት፤ መንገዱ በዚያ አልነበረም።

የለቅሶ ቤት እንጨት አንድ ልማድ አለው። እጁን ያላስነካ ሰው ከሟች ጋር ተጣልቶ ነበር ይባላል። ሙስሊሙ ለአጅር፣ ክርስቲያኑ ለጽድቅ፣ ሁሉም ይይዘዋል፤ አንዱ ሲቆርጥ አሥሩ ይደግፋል። በመጥረቢያ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረውም። በመጋዝ ግን ወዲያ ማዶ፣ ጫፉ በሚወጣበት በኩል፣ እጅ ብቻ ነው። "ዞር በሉ" ማለት ነበረብኝ። ከለቅሶ ቤት እንጨት ላይ እጅህን አንሳ ማለት ደግሞ ከሰው አትቆጠርም ማለት ነው። ስድስት ዓመት ከሰው ያልተቆጠርኩ ሰው ይህን በምን አፌ ልበለው? ዝም አልኩ። ግንዱንም አልዞርኩትም።

የመጀመሪያዎቹ ግንዶች እንደ ቅቤ ተቆረጡ። "ማሻ አላህ!" "አጀብ ነው እናንተ!" ይላል ሰዉ። ሞተሩ ዝግ ባለ ጊዜ አንዱ "ይህን የመሰለ ሰው ማነው ከቅሬ ያስወጣው?" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሰከርኩ። መጠጥ አልቀምስም፤ ያን ቀን ግን ሰክሬ ነበር።

ቀና ስል ጋሽ ተሰማ መጥተዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰው መሀል ገብተው፣ ወዲያ ማዶ ግንዱን በቀኝ እጃቸው ያዙ። እኔና እሳቸው ለስድስት ዓመት አንድ ነገር አብረን ነክተን አናውቅም። አላዩኝም፤ እንጨቱን ነው የሚያዩት። እኔ የቤንዚኑን መሳቢያ እስከ ጥግ ሳብኩት።

የባሩ ጫፍ ከግንዱ ኋላ ተጋድሞ የነበረውን ሌላ ግንድ ነካ። የቀረውን ለመንገር ከዚህ የበለጠ ቃል የለኝም፤ መጋዙ ተራገጠ፣ ወደ ላይ ዘለለ፣ ሲመለስ የጋሽ ተሰማ እጅ እዚያ ነበር።

ሞተሩ ጠፋ። ነጠላው ላይ ደም አየሁ። ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ጌታ ሆይ፣ ያ አስተያየት! ከሰው መሀል አንድ ድምፅ "ቂሙን ተወጣ!" አለ። ዘወር ስል ማን እንዳለው አላወቅሁም። ሁሉም ያለው መሰለኝ። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኳት። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ሰው እንጨት ይዞ ሞተር አላስነሳሁም። ሥራዬን ለተረከቡኝም ያስተማርኩት ይህንን ነው፤ የሚቀየም ይቀየም።

ጋሽ ተሰማን በመኪና ደሴ ሆስፒታል አወጧቸው። ሁለት ጣታቸው ሊተርፍ አልቻለም። እኔን ፖሊስ ወሰደኝ። መርማሪው "በመሀላችሁ ጠብ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ይናገራል" አለኝ። ምን ልበለው? ነበረ። "ለማንኛውም ተጎጂው ቃል እስኪሰጥ እንጠብቃለን" አለና በማግስቱ በዋስ ለቀቀኝ። ዋስ የሆኑኝ አያ እንድሪስ ናቸው።

ከጣቢያው ወጥተን በቦርከና ድልድይ በኩል ስንሄድ ያገኘን ሰው ሁሉ "አብሽር፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው" ይለኛል። እኔም ለአያ እንድሪስ "ቀደር ነው መቼስ" አልኳቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ።

ቆሙ። "መሰላሉን ስትወጣ ምን ታስብ ነበር?"

ጓሮ የነበረው መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ አግኝተውታል ለካ። መዋሸት አልቻልኩም። "ሰው እንዲያየኝ።"

"ቀደርማ አለ፤ አልክድም። ባሩን የመረጥከው ግን አንተ ነህ። ሰውየው ቃሉን ለፖሊስ ሳይሰጥ ሄደህ ይህንኑ ትነግረዋለህ።"

"አያ እንድሪስ፣ ያሳስሩኛል እኮ! ተገኘ ብለው ነው የሚያሳስሩኝ። እናቴስ?"

"ከታሰርክ ወላሂ ስንቅህን አላቋርጥም፤ እናትህንም አያለሁ። ሳትነግረው ቀርተህ ግን እኔ ካንተ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መጋዝ አላነሳም።"

ሐረጎን አብረን ወጣን። መንገዱ እንዲረዝም እየፀለይኩ ነበር። አያ እንድሪስ በረንዳ ላይ ቀሩና እኔ ገባሁ። ጋሽ ተሰማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነው። ከአልጋቸው አጠገብ ሰው አልነበረም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል "ተው፣ ተነስ። ተናገር" አሉኝ።

"ጋሽ ተሰማ፣ ሆን ብዬ አይደለም። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራው የሚፈልገው አጭሩን ባር ነበር፤ አውቅ ነበር። መሰላል ወጥቼ ረጅሙን ያወረድኩት ሰፈሩ እንዲያየኝ ነው። እርስዎም እንዲያዩኝ። ወደ ቅሬው ትመልሱኛላችሁ ብዬ ነው።"

ጋሽ ተሰማ ፋሻውን ከደረታቸው ከፍ አደረጉ።

"እኔስ እጄን ለምን ያስነካሁ ይመስልሃል?" አሉ። "ለሐጂ ነፍስ? አይደለም። 'የሐጂን እንጨት ጴንጤው ብቻውን ቆረጠው' እንዳይባል ነው። ቤቴ ተቀምጬ ጭብጨባውን ስሰማ እልህ ያዘኝ። ሮጬ ነው የመጣሁት። ለፖሊሱም ያለቦታዬ ቆሜ ነው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም።"

እስር ስጠብቅ፣ እርግማን ስጠብቅ፣ ይህ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

"እናትህ እንዴት ናቸው?" አሉኝ ቀጥለው።

"ደክማለች ጋሽ ተሰማ። ሌት ተቀን 'ማን ይቀብረኛል' ነው። 'በጋሪ ነው ወይ የምታስወስደኝ' ትለኛለች።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "በጋሪ? ምን ሲደረግ! ቅሬያቸው የት ሄዶ?"

"ሰረዙን እኮ ጋሽ ተሰማ።"

"አንተን ነው የሰረዝኩት! እሳቸውን ማን ሰረዛቸው? አባትህ ሲሞቱ እናትህን በመበለት ተራ ጽፌያቸዋለሁ፤ መበለት መዋጮ የለባትም፣ እስክትቀበር ድረስ የቅሬው ናት። ስማቸው እስከ ዛሬ መዝገቡ ላይ አለ።"

ግድግዳውን ያዝኩ። ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ በየሳምንቱ ስለ ጋሪ ስትጠይቀኝ፣ እኔ መንገድ ስሻገር፣ መሰላል ስወጣ፣ ስሟ እዚያው ተጽፎ ነበር። ያልነበረ ችግር ለመፍታት የሰው እጅ ቆረጥኩ።

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?" አልኩ፤ ድምፄ ጮኸብኝ።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ባየኸኝ ቁጥር መንገድ ትሻገራለህ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔም እናትህን ልጠይቃቸው ቤታችሁ መምጣት ነበረብኝ። ሲታመሙ ሰምቻለሁ። ያንተን ደጅ አልረግጥም ብዬ ቀረሁ።"

በረንዳው ላይ ለአያ እንድሪስ ስነግራቸው "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" አሉና ራሳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኚያ የማይደነግጡ ሰው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድን።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ተንበረከክሁ። "እማዬ፣ ስምሽ አለ። መዝገቡ ላይ አለ፤ ተሰርዞ አያውቅም። ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ነገሩኝ። ቅሬው ይቀብርሻል፣ በጋሪ አትሄጂም" አልኳት እያለቀስኩ። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እጄን ያዘችና፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች ጠየቀችኝ፤

"የተሰማስ እጅ? በየትኛው እጁ ነው እንግዲህ የሚሸከመኝ?"